አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሊኑክስና የቅሬያችን ደንብ

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተርህ እኮ አማርኛ አያውቅም!»

ይህን ያሉኝ የቅሬያችን ሰብሳቢ ናቸው። ወሎዬ ላልሆነ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ያያሉ። የተከፈተው ፋይል የቅሬያችን መተዳደሪያ ደንብ ነው። ስሙ እንደዚያ ይላል እንጂ ውስጡ አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም። ክፍልፋይ ቁጥር፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ኮፍያና ነጠብጣብ የተደረበላቸው የፈረንጅ ፊደላት ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል።

እሳቸው ስቀው አለፉት። እኔ ግን ንግግራቸው ከነከነኝ። ያን ዕለት ጠዋት እኮ በዚያው ላፕቶፕ ለተማሪዎቼ መልመጃ ስጽፍ ነው ያረፈድኩት። በአማርኛ! ፊደሉ ኩልል ብሎ ነው የሚታየው። አማርኛ አሳምሮ የሚያስጽፍ ኮምፒውተር አማርኛ ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? መልሱን ሳገኘው የጠበቅኩት ቦታ ላይ አልነበረም። ለዚህ ነው ልጽፈው የተነሳሁት።

ሁለተኛ እጅ

ላፕቶፑን የገዛሁት እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ነው። ዋጋው ከአንድ ደህና ስልክ ያንሳል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጉድለቱን እያየሁ ነው የወሰድኩት። ባትሪው አይሠራም፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ድርግም ይላል። ስፔስ ባሩን በግራ በኩል ቢጫኑት እሺ አይልም፤ በቀኝ አውራ ጣት መምታት ለምዶብኛል። ፕሮሰሰሩ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ነው። ይሄ ትውልድ ገበያ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ዲስኩ ደግሞ ያ አሮጌው፣ ሲሠራ የሚያጉረመርመው ዓይነት።

ሲመጣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነበር። አብርቼው ቡና ቢቆላ አቦሉ ይቀድመዋል። ታስክ ማናጀርን በከፈትኩ ቁጥር ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ነው። አንድ የዎርድ ፋይልና ሁለት ገጽ ኢንተርኔት ከከፈትኩ ማውሱ ራሱ ባለበት ደርቆ ይቀራል።

በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ወደ 11 እንዳልሸጋገር፣ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። የኔው ሁለተኛ ነው! የጥገና ሱቁ ልጅ ይህን ስነግረው ቅንጣት አልደነገጠም። «አብሽር ጋሼ፣ በጓሮ እናስገባዋለን» አለኝ።

በጓሮ ማስገባት ይቻላል። ብዙ ሰው አድርጎታል። ግን በ10 ሲያቃስት የኖረ ማሽን 11 ሲጫንበት ምን ሊሆን ነው? የሱቁ ልጅ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ራም ልጨምርልህ አለኝ።

ለዊንዶውስ የከፈለ ማን አለ?

ሊኑክስን፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ሁሉ ሲጀምር «በነጻ ነው» ይላል። ይህን ሳነብ ፈገግ እላለሁ። እኛ ዘንድ ለዊንዶውስ የከፈለ ማን አለ? ዊንዶውስ 11 ሆም አሜሪካ 139 ዶላር ይሸጣል ብትለው ደሴ ውስጥ የሚያምንህ የለም። እዚህ የዊንዶውስ ዋጋ የፎርማት ዋጋ ነው። ላፕቶፕህን ለልጁ ትሰጣለህ። ከሰዓት ስትመለስ ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ አንቲቫይረሱ፣ የግዕዝ መጻፊያው፣ አንዳንዴ ያላዘዝከው ጌም ሳይቀር ተጭኖ ይጠብቅሃል። ሁሉም ክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚጫን።

ስለዚህ ነገሩን በብር ብቻ ካየነው ሊኑክስ ለኛ ምንም አያተርፍም። እንዲያውም ያከስራል። ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረድ ቀልድ አይደለም። ዊንዶውሱ ግን በየሱቁ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጧል። ለፈረንጅ የተጻፈውን ምክር እንዳለ ይዘን «ነጻ ነውና ተጠቀሙ» ስንል ሰው የማይሰማን ለዚህ ይመስለኛል።

የኔ ምክንያት ሌላ ነበር። ክራክ ሲጫን መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። የሱቁ ልጅ ከፊቴ ሲያጠፋው አይቼዋለሁ። «ቫይረስ ነው ይላል፣ አትስማው» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። እሱም አያውቅም፤ ፋይሉን የሰጠው ሌላ ልጅ ነው፣ ለዚያኛውም ሌላ። እኔ ደግሞ የተማሪ ውጤት፣ ገና ያልተሰጠ ፈተና፣ የቅሬው ሒሳብ፣ የአባላት ስልክ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የማስቀምጠው። ማን እንደከፈተው በማላውቀው ሶፍትዌር ላይ የሰው አደራ መያዝ እየከበደኝ መጣ። አስተማሪ ሆኜ ተማሪ ኮረጀ ብዬ እቆጣለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ክራክ ኦፊስ ላይ ፈተና አወጣለሁ። እሱም ትንሽ ይቆረቁረኛል። ዋናው ግን አደራው ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣው ፍላሽ

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የሚማረው፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዤ ወረድኩ። ከደሴ ደርቤ የወጣሁትን ሹራብ የሐረጎን ቁልቁለት ሳንጨርስ አወለቅኩት። ልጁ ላፕቶፑን ገልብጦ አየውና «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ከዚያ ስብከቱ ተጀመረ። እንደ ፈረንጆቹ በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል ተማሪ ለራሱ ኮምፒውተር ብሎ እንደጀመረው። የዓለም 500 ኃያላን ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ በሊኑክስ እንደሚሠሩ። «ስልክህም እኮ አንድሮይድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሊኑክስ ነው» አለኝ። ቢሆንስ? ስልኬ ሮስተር፣ የተማሪ ውጤት ማጠቃለያውን ሰንጠረዥ፣ አይሠራልኝም። ይህን ስለው ዝም አለ። በኋላ እንደምትሰሙት፣ ዝም ማለቱ ልክ ነበር።

ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ጫነልኝ፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይፈልጋል፣ እንዲመች ደግሞ 4። የኔው ልክ 4 ነው። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳይጫን ይሞከራል። ፍላሹን ሰክተህ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ12ን (በሌላ ላፕቶፕ ሌላ ቁልፍ ሊሆን ይችላል) ትጫናለህ፣ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ዲስክህ አይነካም። ካልወደድከው ፍላሹን ነቅለህ ወደ ዊንዶውስህ ትመለሳለህ። አዲስ ነገር ሞክሮ ያለ ኪሳራ መመለስ የሚፈቅድልህ ዕቃ በኛ ከተማ ብዙ የለም። ሰኞ ገበያ ላይ ጫማ እንኳ አንድ እግሩን ብቻ ነው የሚያስለኩህ።

ተነሳ። ዋይፋዩን ግን አላገኘውም። የእህቴ ልጅ ስልኩን በኬብል ሰክቶ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ አበራ፤ ወዲያው ኢንተርኔት መጣ። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር በሚባለው በኩል የዋይፋዩን ድራይቨር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አወረደ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሊኑክስ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች አጠገባቸው የእህት ልጅ እንዳለ አይነግሩንም።

አማርኛ ለመጻፍ ምንም ከሱቅ የሚመጣ ነገር አላስፈለገም። የኪቦርድ ምርጫው ውስጥ ሴራ የሚባል የአማርኛ አጻጻፍ አለ። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትመታ «ሰላም» ይልሃል። ሺፍት ይዘህ ቲን ስትመታ «ጥ»፣ ሳትይዝ «ት»። ስልክ ላይ የለመድነው ዓይነት ነው። ጣቴ ቶሎ ገባው።

ማታ ደሴ ተመልሼ መብራቱ አስተማማኝ መሆኑን እያየሁ ጫንኩት። ባትሪ ለሌለው ላፕቶፕ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ የሚሆነውን ማሰብ አልፈለግኩም። አልጠፋም። አሁን ሲነሳ፣ ምንም ሳልከፍትበት፣ ራሙን ከ1 ጊጋ በታች ነው የሚይዘው። ፈጣን ነው አልልም። የዲስኩ እርጅና የትም አልሄደም። ግን ስጠራው አቤት ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ባልደረቦቼን ያስገረመ ስለሆነ። ያ ፎልደርን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ የለም። የአንዷን መምህርት ፍላሽ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው፣ ተደብቆ የነበረው ነገር ሁሉ አደባባይ ወጣ። የውሸቶቹ ሾርትከቶች ተራ ፋይል ሆነው ተኮልኩለዋል። ቫይረሱ ራሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ የሚያነሳው የለም። እውነተኞቹ ሰነዶቿ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ በደህና ተቀምጠዋል። ጎትቼ አወጣሁላት፣ ቆሻሻውን ደለትኩት። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት ፍላሽ ይዞ የሚመጣ መምህር በዛ።

ሦስት አራተኛ

ወደ ደንቡ ልመለስ። ቅሬያችን መዋጮና ቅጣት ለማሻሻል ተነሳ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ደንቡ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፒያሳ በነበረ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ነው። የሱቁ ዕቃ በ2014 ተዘርፎ ሱቁም ተዘግቷል። የቀረን አንድ የታተመ ቅጂ ነው፤ ሰብሳቢያችን በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡት፣ የመጨረሻ ገጾቹ የጎደሉ። ፋይሉ ደግሞ ከእኔ በፊት ጸሐፊ በነበረው ሰው ኢሜይል ውስጥ ተገኘ። ደስታችን ብዙ ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዘው ቤቴ መጡ። ፋይሉን ከፈትኩት። ቀጥሎ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። ለወራት ሊኑክስ ሊኑክስ ስል ከርሜ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ደንባችን እጃችን ላይ ነው፣ ግን አይነበብም። ወደ አንዱ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ይዤው ልሮጥ ተነስቼ ነበር። ሰብሳቢው ግን ለመሄድ አልቸኮሉም። ቡናው ገና ሁለተኛው ነው። ወረቀቱን አውጥተው፣ መነጽራቸውን መልሰው፣ ለራሳቸው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እኔ ስክሪኑን አያለሁ።

«የቅሬው ስም...» አሉ። ስክሪኑ ላይ ያ መስመር የሚጀምረው በክፍልፋይ ነው። ሦስት አራተኛ። «የቅሬው ዓላማ...» አሁንም ሦስት አራተኛ። «የአባላት መብት...» ሦስት አራተኛ። ልቤ ዘለለ። «ጋሼ፣ እስቲ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ቀስ አሉ። የአማርኛ ደንብ መቼም የ-የ-የ ነው፤ በየመስመሩ ሦስት አራተኛ እየተነሳ ይቀመጣል። ሦስት አራተኛ ማለት «የ» ነው!

ከዚያ በመግቢያው ላይ «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ላይ ደረስን። በጣት ቆጠርኩት። ወረቀቱ ላይ ስድስት ፊደል ነው፦ የ፣ ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰባት ምልክት ነው። ሦስት አራተኛው አለ። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሹል ቅንፍ፣ ከእሷ ጎን የእኩል ይሆናል ምልክት። ሌላው አንድ ለአንድ ይገጥማል። አንዱ ትርፍ ከየት መጣ? ሰብሳቢው ወደፊት ሲያነቡ ያቺ ሹል ቅንፍ ብቻዋን ስትመጣ «አ» ሆና አገኘኋት። ገባኝ። «ኢ» ለብቻዋ ቦታ አልነበራትም። «አ»ን ጽፈው፣ ከጎኗ ያቺን የታችኛዋን ጭራ በእኩል ይሆናል ቦታ ላይ ቀጠሉላት። ሁለት ምልክት፣ አንድ ፊደል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠብኝ። ያ ፋይል ውስጥ አማርኛ ጠፍቶ አይደለም። መጀመሪያውኑ አልነበረም። በ1990ዎቹ የጽሕፈት ሱቋ ልጅ «የ» ብላ ስትመታ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ሦስት አራተኛን ነው። ፎንቱ፣ ለፊደል መልኩን የሚሰጠው ፋይል፣ ብቻ ነው የ«የ»ን ልብስ ያለበሰው። ልብሱ የቀረው ሱቁ ውስጥ ነው። ሱቁ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ እኛ ጋ የቀረው ልብሱን ያወለቀው ነው።

ለምን እንዲህ ሠሩት ብዬ ሰዎቹን አልወቅስም። የዚያን ጊዜ ፎንት 256 ቦታ ነው የነበረው፤ ከዚያም ላይ ለሌላ ነገር የተያዘ አለ። የኛ ፊደል 33 በ7 ብቻ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹ፣ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቤቱ ይሞላል። እናም ያንን ከዚህ እየቀጠሉ አብቃቁት። ባያብቃቁት ኖሮ በነዚያ ዓመታት በኮምፒውተር አንድ ማመልከቻ እንኳ በአማርኛ ባልጻፍን። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነው። የአንዱ «የ» ለሌላው ሌላ ነው።

ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ሦስተኛ ዕትሙን ሲያወጣ የግዕዝ ፊደል 345 ምልክት ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ «የ» የራሷ ቁጥር አላት፤ 4840። ስልክህ ላይም፣ ዊንዶውስ ላይም፣ የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም 4840 ናት። በደንባችን ፋይል ውስጥ ያለው ግን 190 ነው፤ የሦስት አራተኛ ቁጥር። ደንቡ ሲጻፍ ዩኒኮድ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ግን ሱቆቹ የለመዱትን ይዘው ቀጠሉ። ማን ነግሯቸው?

ይህን ሁሉ ለሰብሳቢው ለማስረዳት ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ አማርኛ ያውቃል፣ የማያውቀው ፋይሉ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «እና እስካሁን ስንፈርም የኖርነው ምን ላይ ነው?» አሉ።

እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። የፈረሙት ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ «የ» መቼም «የ» ነው። ግን ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ቅሬ፣ ስንት ማኅበር በሦስት አራተኛ የተሞላ ፋይል «ሰነዳችን በኮምፒውተር አለ» ብሎ አስቀምጧል? ያ ፎንት ያለበት ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ማንም አያውቅም። እኔም ዊንዶውሱን ክራክ ከነሙሉ ኮተቱ ይዤ ብቀጥል ኖሮ አላውቅም ነበር። ሊኑክስ ያደረገልኝ ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አይደለም። የኔ መስሎኝ የኖረው ነገር የማን እንደሆነ አሳየኝ።

ልብሱን ማውለቅ

ፎንቱ በኋላ ተገኘ። ከአንድ ወዳጄ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ አመጣሁት፣ ሁለቴ ክሊክ አድርጌ ጫንኩት፣ ደንቡ በአማርኛ ቁጭ አለ። የጎደሉት ገጾችም ወጡ። ሰብሳቢው ተደሰቱ። «በል አሁን ለአባላቱ በቴሌግራም ላክልኝ» አሉኝ። ገልብጬ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ሦስት አራተኛ፣ ሦስት አራተኛ፣ እኩል ይሆናል... አንዷ አባል «ጸሐፊያችን አካውንትህ ተጠልፏል እንዴ?» ብላ ጻፈች።

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ፎንቱን ጭኖ ማየት ይቻላል፣ ከዚያ ማለፍ ግን አይቻልም። «ቅጣት» ብለህ ብትፈልግ አያገኝልህም። የአባላትን ስም በፊደል ተራ ደርድር ብትለው በፈረንጆቹ ምልክት ተራ ይደረድርልሃል፤ ተራው ለኛ ትርጉም የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት ወደ እውነተኛው ፊደል መለወጥ ግድ ሆነ።

ሊኑክስ ላይ የዎርድንና የኤክሴልን ሥራ በሚሠራው በሊብሬኦፊስ «ፈልገህ ተካ» ነው የጀመርኩት። ሦስት አራተኛን ፈልግ፣ በ«የ» ተካ። ቀላል ይመስላል። ግን ቅደም ተከተል አለው። ያቺን ሹል ቅንፍ መጀመሪያ በ«አ» ከተካሃት፣ «ኢ» የነበረው ሁሉ «አ» ሆኖ ከጎኑ ባዶ እኩል ይሆናል ይቀራል። ስለዚህ ጥንዶቹ ይቀድማሉ፣ ነጠላዎቹ ይከተላሉ። በደብተር ሰንጠረዥ አወጣሁ። በግራ ምልክቱን፣ በቀኝ ፊደሉን። ሰብሳቢው ማታ ማታ እየመጡ ያነቡልኛል፣ እኔ እሞላለሁ። ሰንጠረዡ ሲሞላ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት፤ እሱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጽፎ ሙሉውን ፋይል አንድ ጊዜ ለወጠው። የተሳሳቱ ፊደላት ነበሩ። እነሱን ሰብሳቢው በዓይናቸው ለቀሙ። ከፓይተኑም የእሳቸው ዓይን ይበልጣል ብል ልጁ አይቀየመኝም።

ሁሉም ችግር በዩኒኮድ አልተፈታም። ጽሑፉ ውስጥ አራት ነጥቡ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ነው የተጻፈው፤ ዛሬም ብዙ ሰው እንደዚያው ያደርጋል። «ጸሐፊ» በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል፣ አንዱን ብትፈልግ ሌላው አይመጣም። ይሄ የኮምፒውተር ጣጣ አይደለም፣ የኛው ነው።

ሊኑክስስ? ቤት ውስጥ ቀጥያለሁ። ትምህርት ቤት ግን ሮስተሩ በኤክሴል ማክሮ፣ ኤክሴል ውስጥ በሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ የተሠራ ነው። ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት ድምሩ ይመጣል፣ ደረጃ ማውጫው ቁልፍ አይሠራም። ያንን እዚያው የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እጨርሳለሁ። ያለኝ ትንሽ ፕሪንተርም አልታወቀለትም፤ ፒዲኤፍ አድርጌ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማለሁ። ዕለት ዕለት የምታትም ሰው ከሆንክ ሳትጭነው በፊት ፍላሹን ሰክተህ ፕሪንተርህን ሞክር። ሮስተር የምትሠራ መምህር ከሆንክም እንደዚያው። ለቀረው ግን አሮጌ ላፕቶፕ ለቆራሌው ከመሸጥህ በፊት አንድ ቀን ብትሞክረው ምንም አታጣም።

ደንቡ አሁን ግሩፑ ላይ ነው፣ በእውነተኛ አማርኛ። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አላነበበውም። በኋላ አንዱ ወጣት አባል ስልኩ ላይ «ቅጣት» ብሎ ፈልጎ ሁለት ቦታ አገኘ። በአንቀጽ 9 ከቀብር የቀረ ሰው የሚቀጣው አንድ መጠን ነው፤ ከጎደሉት ገጾች አንዱ ላይ ባለው በአንቀጽ 23 ደግሞ ለዚያው ጥፋት እጥፍ ተጽፏል። በሁለቱም ላይ ተፈርሟል። ሰብሳቢያችን ሲቀጡ የኖሩት በ9 ነው፣ ገንዘብ ያዣችን ደግሞ ትክክለኛው 23 ነው ይላሉ። ግሩፑ ሲጨቃጨቅ ሰንብቶ ነገሩ ለእሁዱ ስብሰባ ተቀጥሯል። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ ድምፅ የለኝም። ቢኖረኝ ግን 9ን ነው የምደግፈው። ለቀብር ያልመጣ ሰው እኮ አንዳንዴ ታሞ ነው።